ኔትወርክ ሲጠፋ በእጅ ሬዲዮ ከቤተሰብ ጋር በግል መገናኘት ይቻላል? (ድሬዳዋ)

የመጋላዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ መገናኛ ሬዲዮ፣ ዎኪ ቶኪ ስለምንለው ማለቴ ነው፣ የሚያውቅ ሰው ካለ ይርዳኝ።

የምኖረው መጋላ ነው። እናቴ ገንደ ቆሬ ብቻዋን ትኖራለች፤ ወንድሜ ከነቤተሰቡ ሳቢያን ነው፤ ልጆቼ የሚማሩት ከዚራ። ክረምት ሲገባ እንቅልፍ የሚነሳኝ አንድ ሐሳብ ነው፤ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ እኔ በወዲህ፣ ልጆቼ በወዲያ ቀርተን፣ መብራቱም ኔትወርኩም አንድ ላይ የጠፋ እንደሆነስ? በቅርቡ ከባድ ዝናብ በጣለበት ሌሊት ስልክ እምቢ ብሎኝ እናቴ በምን ሁኔታ እንዳለች ሳላውቅ ነው የነጋው።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ አራት ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የሚባሉ የእጅ ሬዲዮዎች ገዝታ ለሚመጣ ሰው ልትሰጥልኝ ነው። ሻጩ «የግል ኮድ አለው፤ ኮዱን ካስገባችሁ ከእናንተ ሌላ ማንም አይሰማም» ብሏታል። እውነት ማንም አይሰማንም? እናቴ ብቻዋን መሆኗ በአየር ላይ እንዲወራ አልፈልግም። ደግሞስ ከመጋላ ሳቢያን ይደርሳል? ፈቃድስ ይጠይቃል ወይስ እንደ ስልክ ገዝቶ መጠቀም ነው?

ካሜራማኑ

እህቴ አይዞሽ፣ ኮዱ ይሠራል። አንድ ትልቅ ዝግጅት ላይ አዘጋጆቹ ሬዲዮ ሰጥተውን ኮድ አስገብተን ስንጠቀም የሌላ ሰው ድምፅ ገብቶብን አያውቅም። ርቀቱም ካርቶኑ ላይ ተጽፏል፤ ለድሬ ይተርፋል።

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ሳቢያን

አቦ ወንድሜ፣ የሌላ ሰው ድምፅ አለመግባቱ እውነት ነው። የእናንተ ድምፅ ወደ ሌላ ሰው ገብቶ እንደሆነ ግን የምታውቅበት መንገድ የለህም። እህታችን የጠየቀችው ደግሞ ይህንኑ ስለሆነ ጠንቀቅ ብለን እንመልስላት። እኔ በአንድ የእርዳታ ድርጅት ሬዲዮ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ፤ የማውቀውን ልንገርሽ።

ያ «የግል ኮድ» የሚሉት ሲቲሲኤስኤስ ይባላል። ስትናገሪ ሬዲዮው ከድምፅሽ ሥር አንድ ዝቅተኛ ቃና አብሮ ይልካል፤ ከ67 እስከ 254 ኸርዝ ባለው ውስጥ ነው። ተቀባዩ ሬዲዮ ያንን ቃና ሲያገኝ ስፒከሩን ይከፍታል፣ ካላገኘ ዝም ይላል። ሥራው ይኸው ነው። የሚዘጋው የአንቺን ጆሮ እንጂ የሌላውን ጆሮ አይደለም። ኮድ ያላስገባ ሰው በዚያው ፍሪኩዌንሲ (ሬዲዮው በሚያስተላልፍበት የሞገድ ቁጥር) ላይ ከቆመ የምትይውን ቃል በቃል ይሰማል። ፍሪኩዌንሲውን ባያውቅም ሬዲዮው ስካን እያደረገ ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል፤ የአንቺው ባኦፌንግም ይህን ይችላል።

በአደጋ ጊዜ ደግሞ ኮዱ ይጎዳል። በዚያው ፍሪኩዌንሲ ላይ ሌላ ሰው «ድረሱልን» እያለ ሲጣራ የአንቺ ሬዲዮ ዝም ይልሻል፤ ባዶ መስሎሽ ቁልፉን ስትጫኚ በላዩ ላይ ትናገሪበታለሽ፤ ሁለታችሁም ሳትሰሙ ትቀራላችሁ።

ርቀቱን በተመለከተ ካርቶኑን እርሺው። እነዚህ ሞገዶች የሚሄዱት ዐይን በሚያይበት መስመር ነው፤ ከዚያ ትንሽ ብቻ ነው የሚያልፉት። ሰው ቆሞ አፉ ጋ ሲይዘው የሬዲዮው አድማስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት ሰዎች በጠራ ሜዳ ላይ ቢሆኑ 10 መሆኑ ነው። አንዱ 10 ሜትር ከፍታ ያለው ሰገነት ላይ ቢወጣ የእሱ አድማስ ብቻውን ወደ 13 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ስለዚህ መጋላና ሳቢያን በስሌቱ ሩቅ አይደሉም፤ የሚያስቸግረው ቤቱ ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ከድንጋይ ግንብ ጀርባ፣ ሕንፃ በተጋረደበት ቦታ አንድ ኪሎ ሜትርም ላይሞላ ይችላል። ሰገነት ላይ ስትወጪ ግን ያው ሬዲዮ፣ ያው ባትሪ፣ ጥርት ብሎ ይሰማል። ዋት ከመጨመር ከፍታ መጨመር እንደሚበልጥ ሬዲዮ ክፍል የሠራ ሁሉ ያውቃል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ ነው የተቀመጠችው። ወደ ሐረር ስትወጪ ከደንገጎ በላይ ያለው ሰንሰለት ከ2000 ሜትር ያልፋል። እዚያ ላይ የቆመ ሰው በርካሽ ሬዲዮ ከሳቢያን እስከ መጋላ የሚነገረውን ሊያዳምጥ ይችላል። በከተማችን አቀማመጥ ግላዊነት የሚባል ነገር ከመነሻው የለም ብለሽ ብታቅጂ ይሻልሻል። የሚነገረው ምንድነው የሚለውን እንጂ ማን ይሰማል የሚለውን መቆጣጠር አትችይም።

ኤሌክትሪካል፣ ከዚራ

ፈቃዱን እኔ ልመልስ፤ እህቴ፣ ይህን ሳታነቢ ዕቃው ከዱባይ እንዳይነሳ።

በአገራችን የሬዲዮ ሞገድ የሚያስተዳድረውና ፈቃድ የሚሰጠው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ ያለፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ወደ አገር ማስገባትንም መጠቀምንም በእስራት ያስቀጣል። በሻንጣ ይዞ የሚመጣልሽን ሰው ጉምሩክ ላይ ችግር ውስጥ ልትከቺው ትችያለሽ። በዚህ ጊዜ ደግሞ መንገድ ላይ ሬዲዮ ይዞ የሚነጋገር ሰው የጸጥታ ኃይል ዐይን ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ልጅሽ እጅ ላይ ቢገኝ ምን እንደሚከተል አስቢው። አውሮፓ ውስጥ ያለፈቃድ የሚሸጡት ፒኤምአር446 የሚባሉት ግማሽ ዋት ሬዲዮዎችም ቢሆኑ እዚያ ተፈቀዱ ማለት እዚህ ተፈቀዱ ማለት አይደለም።

ባኦፌንግ ዩቪ-5አር የሚሸጠው እንደ አማተር ሬዲዮ ነው። አማተር ሬዲዮ፣ ሃም የሚባለው፣ የራሱ ሥርዓት አለው። ሰውየው ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ የጥሪ ምልክት ተሰጥቶት ነው የሚያወራው። የኢትዮጵያ ምልክት በኢቲ ይጀምራል፤ አዲስ አበባ አምስት ኪሎ ያለው የክበብ ጣቢያ ለምሳሌ ኢቲ3ኤኤ ነው። እዚያ ስማር ክበቡ ውስጥ ገብቼ ስላየሁ የምናገረው በስማ በለው አይደለም። ለእኛ ቀጠና በዚህ ሬዲዮ የሚያዙት የአማተር ሞገዶች ከ144 እስከ 146 እና ከ430 እስከ 440 ሜጋ ኸርዝ ናቸው። ሬዲዮው ግን ከ136 እስከ 174 እና ከ400 እስከ 520 ስለሚከፍት ሳታውቂ የፖሊስ፣ የአምቡላንስ ወይም የሌላ ድርጅት መስመር ውስጥ ልትገቢ ትችያለሽ። አምቡላንስ በሚሯሯጥበት ሌሊት የእነሱን መስመር መዝጋት የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ለጥያቄሽ ዋናው መልስ እዚህ ላይ ነው፤ አማተር ሬዲዮ ለምስጢር አልተሠራም። የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሬዲዮ ደንብ አንቀጽ 25 በተለያዩ አገሮች አማተር ጣቢያዎች መካከል የሚተላለፍ መልእክት ትርጉሙን ለመሰወር በኮድ እንዳይሸፈን ይከለክላል፤ ብዙ አገሮችም ይህንኑ በአገር ውስጥ ሕጋቸው ላይ አስገብተውታል። ዲጂታሎቹ ዲኤምአር ሬዲዮዎች ውስጥ የምስጢር ቁልፍ አለ፤ በአማተር ሞገድ ላይ ግን እሱም አይፈቀድም። ያው አንቀጽ መንግሥታት አማተሮች ለአደጋ ጊዜ እንዲዘጋጁ እንዲፈቅዱ ያበረታታል። ማለትም ለአደጋ ጊዜ ጥሩ መሣሪያ ነው፣ ለግል ወሬ አይደለም።

እውነት ግላዊ የሆነ መስመር ከተፈለገ መንገዱ ሌላ ነው። ድርጅት ለራሱ ፍሪኩዌንሲ ይጠይቃል፣ ዕቃውም በባለሥልጣኑ ይሁንታ ይገባል፣ ምስጢራዊ ማድረጊያውም አብሮ ይጠየቃል። ይህን አንድ ቤተሰብ አይችለውም። ቀበሌ፣ ቀይ መስቀል፣ ወይም በደንብ የተደራጀ እድርና አፎቻ ግን ሊያስበው ይችላል።

ከጁገል

በዚሁ ላይ ልጠይቅ፤ እኔ ሐረር ነኝ፣ እህቴ ድሬ ናት። በቀጥታ ብንሄድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው ይላሉ። ይደርሳል?

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ሳቢያን

አይደርስም ወንድሜ። ተራራው በመካከል ቆሟል፤ የእጅ ሬዲዮ አያልፈውም። ከላይ ሆኖ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ ሪፒተር ያስፈልጋል፤ እሱም የድርጅት ሥራ ነው፣ የራሱ ፈቃድ፣ የራሱ ኃይል፣ የራሱ ጥበቃ ያለው። ጁገል ውስጥ ለውስጥም ቢሆን ወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳና ጠባቡ መንገድ ሞገዱን ይበላዋል፤ ሰገነት ላይ መውጣት ግድ ነው።

የደቻቱ ዳር ነዋሪ

ልጄ፣ ጥያቄሽን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ያን ሌሊት ቀፊራ አጠገብ ነበርኩ። ደቻቱን ታውቂዋለሽ፤ በበጋ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል። ያን ሌሊት ውሃው የመጣው ላይ በደጋው ከጣለው ዝናብ ነው። ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ፤ ጎረቤቶቼም ነበሩበት። ከዚያ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንቡ ተሠርቷል፤ ቢሆንም በ2012 ሚያዝያ ጎርፍ እንደገና ሰው ወስዷል።

ይህን የምነግርሽ እንድትፈሪ አይደለም። ያን ሌሊት እርስ በርስ የምንነጋገርበት መሣሪያ ቢኖረን ምን እንል ነበር? ውሃው ደርሶብን «ውሃ መጣ» መባባል ምን ይረዳል። የጎደለን ከላይ ሆኖ ዝናቡን ያየ፣ ጅረቱ ሲሞላ የሰማ፣ «ተነሡ» የሚለን ሰው ነበር። ኦፕሬተሩ ደንገጎ ላይ የቆመ ሰው ከተማውን ሁሉ ይሰማል ብሏል። እንግዲያው እዚያ የቆመ ሰው ከተማውን ሁሉ ሊያስጠነቅቅ ይችላል ማለት ነው። ገንዘቡና ድካሙ እዚያ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል። ግላዊ መሆኑን ተዪው፤ ይልቅ ሁሉም ይስማው።

የመጋላዋ (ጠያቂ)

አባቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ልክ ነዎት፤ እኔ ያሰብኩት ውሃው ከመጣ በኋላ ስላለው ብቻ ነበር። ኤሌክትሪካል ወንድሜም አመሰግናለሁ፤ ዛሬውኑ ለአክስቴ ልጅ ደውዬ እንዳትልክ ነግሬአታለሁ። እድራችን ውስጥ ጸሐፊ ነኝ፣ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። ቀበሌው ፈቃድ አስጨርሶ አምስት ስድስት ሬዲዮ ቢያገኝ ሰው እንዴት ነው የሚጠቀምበት? ሬዲዮ በእጁ ይዞ የማያውቅ ነው ሁሉም። እስከዚያስ ምን እናድርግ?

የቀድሞ ኦፕሬተር፣ ሳቢያን

እስከዚያ ያለውን ላስቀድም፤ አሁን የሚሠራው እሱ ነው። ኔትወርክ ሲጨናነቅ ድምፅ ጥሪ እምቢ ብሎ አጭር መልእክት የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ደጋግሞ ከመደወል አንድ መልእክት ልኮ መጠበቅ ይሻላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2014 ነሐሴ ሙከራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ ነው፤ ቤት ውስጥ የሁለቱም ኩባንያ ሲም ይኑር፣ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ሊቆይ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ኤፍኤም ሬዲዮ ለእናትሽ ግዢላት፤ ሕጋዊ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም። ከሁሉ በላይ ግን ማንም ከማንም ጋር ሳይነጋገር የሚሆነውን አሁኑኑ ተስማሙ። ጎርፍ ከመጣ ልጆቹ ከዚራ ይቆዩ፣ ደቻቱን እንዳይሻገሩ፣ እናትሽን ደግሞ የትኛው ጎረቤት እንደሚያወጣት ስሙ ይታወቅ። እንዲህ ከተስማማችሁ መስመር ሲጠፋም ሰው የት እንዳለ ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ሬዲዮው። ቀበሌው ካገኘ ሬዲዮዎቹን ሁሉ ከተማ ውስጥ አትደርድሯቸው። አባታችን እንዳሉት አንዱ ወይም ሁለቱ ላይ፣ ደንገጎ መውጫና ሐርላ በኩል፣ ሌሊት ከማይተኛ ሰው ጋር ይሁኑ። ከተማ ውስጥ ያሉት ደግሞ ሰገነት ካለው ቤት ይቀመጡ።

ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ካደረጋችሁት ባትሪው ያልቃል። በእርዳታ ሥራ የምናደርገው ሰዓት መቁረጥ ነበር፤ በየሰዓቱ መጀመሪያ አምስት ደቂቃ ሁሉም ይከፍታል፣ ያዳምጣል፣ ይዘጋል። በደጋው ዝናብ በጣለ ሌሊት ብቻ ሳይዘጋ ይቆያል። አንድ ሰው መሪ ጣቢያ ይሁን፤ ሌላው እሱ ሲጠራው ብቻ ይመልስ። አለዚያ ስድስት ሰው በአንድ ጊዜ ሲጮህ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

አነጋገሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቁልፉን ተጭነሽ ወዲያው ስትናገሪ የመጀመሪያው ቃል ይቆረጣል፤ አንድ ትንፋሽ ቆይተሽ ጀምሪ። መጨረሻው ደግሞ ይብሳል። በአማርኛ ዋናው ነገር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጣትሽን ቀድመሽ ካነሣሽ «እናቴ ደህና አይደለችም» ያልሽው «እናቴ ደህና» ሆኖ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት ለእርዳታ ሰው ሳይላክ የሚቀርበት ጊዜ አለ። «አይደለም» በሚያልቅ ነገር አትናገሩ፤ «ታመመች»፣ «ውሃ ገባ»፣ «መንገዱ ተዘጋ» ይባል። ተቀባዩም የሰማውን መልሶ ይድገመው፤ ሳይደገም የተላለፈ መልእክት እንዳልተላለፈ ይቆጠር። ሬዲዮውን ከአፍሽ አንድ ጋት ያህል አርቀሽ፣ አንቴናውን ቀጥ አድርገሽ ያዢው፤ ወደ ጎን ከተኛ ይዳከማል።

ስለ እናትሽ የፈራሽውን እንዲህ ተወጪው። በአየር ላይ ስም፣ የቤት ምልክት፣ ማን ብቻውን እንዳለ፣ የቱ ቤት ባዶ እንደቀረ አይነገርም። የት ሰፈር፣ ስንት ሰው፣ ምን ያስፈልጋል፣ ይበቃል። ሁሉም እየሰማ የማንንም ገመና ሳታወጪ እርዳታ መጥራት ይቻላል። በትንሹ ዋት የሚደርስ ከሆነ ደግሞ በትንሹ ተነጋገሩ፤ ሰሚም ይቀንሳል፣ ባትሪም ይቆያል።

ጥገና፣ ታይዋን (ድሬዳዋ)

የባትሪውን ልጨምር፤ በድሬ ሙቀት ዕቃ የሚበላሸው ከዚያ ነው የሚጀምረው። የዩቪ-5አር ባትሪ 7.4 ቮልት ሊቲየም ነው። ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ቆርቆሮ ሥር ቁም ሣጥን ላይ ወይም መኪና ውስጥ ማስቀመጥ ይገድለዋል። ግማሽ ያህል ተሞልቶ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ ይቀመጥ፤ በየወሩ እየታየ ክረምት ሲገባ ይሙላ። የጠረጴዛ ቻርጀሩ የሚፈልገው 10 ቮልት ስለሆነ ከፓወር ባንክ በተራ ገመድ አይሞላም፤ ወደ 10 የሚያሳድግ የዩኤስቢ ገመድ አለው፣ አብሮ ይገዛ። በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ መያዣም አለ፤ መብራት ለቀናት ቢጠፋ የሚያድነው እሱ ነው። ውሃ አይችልም፤ ዝናብ ውስጥ ከሆነ ፌስታል ውስጥ አድርጎ በላዩ መናገር ይቻላል፣ ድምፁ በደንብ ያልፋል።

ካሜራማኑ

ስለ ኮዱ ያልኩትን እህታችን እንዳትከተለው፤ ኦፕሬተሩ የገለጸው ትክክል ነው። እኔም እድሬ ላይ አነሣዋለሁ። ሰገነት ያለው ቤት ቀፊራ አካባቢ አለን፤ ከተፈለገ አንዱ ሬዲዮ እዚያ ይሁን።

ኤሌክትሪካል፣ ከዚራ

ለስብሰባው የምትይዢውን ልንገርሽ። ባለሥልጣኑ ማመልከቻ ሲያይ የሚፈልገው ማን እንደሚጠቀም፣ ለምን ዓላማ፣ የት የት ቦታ፣ ስንት ሬዲዮ፣ በስንት ዋት እንደሆነ ነው። ስለዚህ ከተማዋን በወረቀት ሣይና የሬዲዮዎቹን ቦታ ምልክት አድርጊ፤ ከላይ ያሉትን ሁለቱን መጀመሪያ። ማመልከቻው በእድር ስም ከሚገባ በቀበሌው ወይም በቀይ መስቀል ቅርንጫፉ በኩል ቢገባ ይቀላል፤ ሁለቱም የአደጋ ሥራ ድርሻቸው ነው። ዕቃው የሚገዛው ፍሪኩዌንሲው ከተሰጠ በኋላ ነው፤ ከዚያ በፊት አንድም ሬዲዮ እንዳይገዛ። የቴክኒክ ክፍሉን መሙላት ካስቸገራችሁ ስብሰባው የት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ከዚራ ነኝ፣ እመጣለሁ።

የመጋላዋ (ጠያቂ)

እሁድ ከሰዓት በኋላ ነው ስብሰባው። ቦታውን በውስጥ እልክልሃለሁ። አባታችንም ቢመጡልን፣ ያን ሌሊት ያዩትን ከእርሳቸው አፍ ቢሰሙት ሰው ቶሎ ይወስናል።

የደቻቱ ዳር ነዋሪ

እመጣለሁ ልጄ። ሐርላ በኩል የሚኖር የወንድሜ ልጅ አለ፤ እሱንም ይዤው እመጣለሁ፣ ከላይ የሚቀመጠውን ሬዲዮ ማን ይይዛል ስትሉ እሱን ጠይቁት።